ይሄ እኔ ጋ ይደር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጠመንጃና ስለ አእምሮ ጤና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስጠራቸው ሬዲዮናችሁን ዝቅ ለማድረግ እጃችሁን የሰነዘራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ብዙ ቤት የሚነካ ጉዳይ ነው። የማነሣቸው ቀኖችና ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዱን ዓመት ብቻ በእኛ እጠራለሁ፤ እሱ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

በልጅነቴ ካየሁት ልጀምር። አጎቴ ምንሽር ነበረው። ከምሰሶው በላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ለሰርግና ለጥምቀት ይወርዳል፣ ይወለወላል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። የአጎቴ የበኵር ልጅ የሞተ ዕለት፣ ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ንፍሮውን ይዞ እንደተቀመጠ፣ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ማንንም አላስፈቀዱም። ምንሽሩን ከነዝናሩ አወረዱና በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ "ይሄ እኔ ጋ ይደር" አሉ። አጎቴ ቀና ብሎ አያቸው፤ ምንም አላለም። "ይደር" የተባለው ምንሽር ክረምቱን ሙሉ እሳቸው ቤት ከረመ። ለመስቀል ራሳቸው አምጥተው ሰቀሉት። በመንደሩ "አጎትህ አብዶ ነበር" ያለኝ አንድም ሰው የለም። እሱም "ተደፈርኩ" ሲል አልሰማሁትም።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ ብዙ መንግሥታት ዛሬም እየታገሉበት ያለ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ የአእምሮው ጤና እንዴት ይታወቃል? ማን ይመረምረዋል? ከተመረመረስ በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት ቢታመም ማን ያውቃል?

እስቲ ወደ ብሪታንያ እንሂድ። እዚያ ገበሬውም አዳኙም የአደን ጠመንጃ መያዝ ከፈለገ የሚያመለክተው ለፖሊስ ነው። ፈቃዱ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሽጉጥ ግን በተራ ዜጋ እጅ የለም ማለት ይቻላል፤ በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ በደንብሌን ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አስተማሪያቸውን ከገደለ በኋላ ታግዷል። የቀረው የአደንና የስፖርት መሣሪያ ነው። ለዚያም ቢሆን ፖሊስ ቤት ድረስ ሄዶ አመልካቹን ያነጋግራል፣ መሣሪያው የሚቆለፍበትን ካዝና ያያል። ዓለም ላይ ጥብቅ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 2021፣ በፕሊመዝ ከተማ ኪሃም በሚባል ሰፈር፣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት እናቱን ቤት ውስጥ ገደለ። ከዚያ ወደ መንገድ ወጥቶ አንዲት የ3 ዓመት ሕፃንን፣ አባቷንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ገደለ፤ በመጨረሻም ራሱን። ጠመንጃው የተሰረቀ ወይም በድብቅ የተገዛ አልነበረም። ፈቃድ ነበረው።

ነገሩ ወደ ኋላ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ በ2017 ሲያመለክት ፖሊስ የጤና ታሪኩን ከቤተሰብ ሐኪሙ ጠይቆ ነበር። ሐኪሙ መልስ የመስጠት ግዴታ በሕግ ስላልነበረበት መረጃውን አልሰጠም። ፈቃዱ ግን ወጣ። በ2020 ይኸው ወጣት መናፈሻ ውስጥ ሁለት ታዳጊዎችን ደበደበ፤ በታኅሣሥ ጠመንጃው ተወሰደበት። በሐምሌ 2021 ተመለሰለት። አምስት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላም፣ ያ ሁሉ ሰው ሞተ። በ2023 የሟቾቹን ጉዳይ የመረመረው ጁሪ (ከሕዝብ የተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ) ጥፋቱ በፖሊስ የፈቃድ ክፍል ውስጥ የነበረ ከባድ ድክመት መሆኑን በይፋ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለና። ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ "ታዲያ ወጣቱን የአእምሮ ሐኪም ቢመረምረው ኖሮ" ይላል። እኔ ግን የጎደለው ምርመራ ነው ብዬ አላምንም። ሐኪሙ የሚያውቀውን ፖሊስ አያውቅም። ፖሊስ ውስጥም ቢሆን ድብደባውን የያዘው ክፍልና ፈቃዱን የያዘው ክፍል ያንኑ ሰው በአንድ ዓይን አላዩትም። እኛ መንደር ግን ልጁ የሞተበትን ሰው የሚያውቁትና ጠመንጃው የት እንደተሰቀለ የሚያውቁት ያው ሽማግሌ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ደንቡን ለወጠ። ከኅዳር 2021 ጀምሮ ፖሊስ ከአመልካቹ ሐኪም የመጣ የጤና መረጃ ሳያይ ፈቃድ አይሰጥም። ልብ በሉ፣ ሐኪሙ "ይህ ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል" ብሎ አይመሰክርም። በመዝገቡ ላይ ያለውን ይናገራል፤ ከባድ ድባቴ ታክሞ ያውቃል ወይ፣ የሌለ ድምፅ መስማትና እውነት ያልሆነ ነገር ማመን የሚያመጣ ሕመም ነበረበት ወይ፣ መጠጥ ወይም ዕፅ አሸንፎታል ወይ፣ የመርሳት በሽታ ጀምሮታል ወይ። ውሳኔው የፖሊስ ነው። አንድ ጊዜ ድባቴ መታከም ብቻውን ፈቃድ እንደማያስከለክል መመሪያው ራሱ ይናገራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የበለጠውን ቁም ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፈቃድ ያለው ሰው የሕክምና ፋይል ላይ "ይህ ሰው መሣሪያ አለው" የሚል ምልክት ይቀመጣል። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሚስቱ ሞታበት ወይም በዕዳ ተይዞ ወደ ሐኪሙ ሲመጣ፣ ሐኪሙ ምልክቱን ያያል፤ የሚያሳስብ ነገር ካለም ለፖሊስ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ስለዚያ ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ጤነኛ ሆኖ ፈቃድ ያወጣ ሰው ግን ሊታመም ይችላል። ሐኪሞቹ ይህን ሥራ ያለ ጭቅጭቅ አልተቀበሉትም፤ ማን ይክፈለን ያሉም አሉ፣ ሕሊናችን አይፈቅድም ያሉም አሉ።

ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ የምታሳየው ኦስትሪያ ናት። እዚያ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው የሥነ ልቦና ፈተና ይወስዳል፤ እውነተኛ ፈተና፣ በባለሙያ የሚሰጥ። ሰኔ 10 ቀን 2025 በግራዝ ከተማ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ገብቶ 10 ሰው የገደለው የ21 ዓመት ወጣት ይህን ፈተና አልፎ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በ2021 ደግሞ ለወታደራዊ አገልግሎት ሲመረመር፣ ጦሩ በሥነ ልቦና ምክንያት "ብቁ አይደለም" ብሎ መልሶታል። ይህ ውጤት ምስጢር ስለሆነ ለመሣሪያ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ አልተላለፈም። መንግሥት በአንድ እጁ ከለከለው፣ በሌላው እጁ ፈቀደለት። ሀገሪቱ ከዚያ በኋላ ሕጓን አጥብቃለች።

አሜሪካስ? ብዙ አድማጮቻችን እዚያ ስለምትኖሩ ዝም ብዬ አላልፈውም። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ጠመንጃ የሚገዛን ሰው ሐኪም አያየውም። ፈቃድ ካለው ሻጭ የሚገዛ ሰው ፎርም ይሞላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አካል የአእምሮ ጉዳት እንዳለብህ ተወስኖብህ ወይም በግዳጅ የአእምሮ ሆስፒታል ገብተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። መልሱን የሚሞላው ገዢው ራሱ ነው። መዋሸት ወንጀል ነው፤ ግን ውሸቱ የሚታወቀው መዝገብ ካለ ብቻ ነው። ክልከላው የተጻፈው በ1968 ሕግ ሲሆን፣ ሻጩ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጠይቀው ብሔራዊ መዝገብ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው።

መዝገቡ ባዶ ከሆነ ምን እንደሚሆን ደግሞ ቨርጂኒያ አይታዋለች። በ2005 መጨረሻ አንድ የኮሌጅ ተማሪ በራሱ ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል ተብሎ እየተመላለሰ እንዲታከም በዳኛ ታዘዘ። ትእዛዙ ወደ ብሔራዊ መዝገቡ አልገባም። ተማሪው በ2007 ሁለት ሽጉጦች ከሱቅ ገዛ፤ በተጠየቀ ቁጥር መዝገቡ "ምንም የለበትም" አለ። ሚያዝያ 16 ቀን በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰው ገደለ። በማግስቱ ዓመት ክልሎች መረጃቸውን እንዲያስገቡ የሚያበረታታ ሕግ ወጣ።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ስለ ጅምላ ግድያ ነው። እኔም ራሴ በዚህ መንገድ መጀመሬን አልወደድኩትም፤ ዜና የሚሆነው እሱ ስለሆነ እሱው ጎተተኝ። ቁጥሩን ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2021 በአሜሪካ በጠመንጃ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ! በሌላ በኩል በአሜሪካ ከሚፈጸመው ጥቃት በከባድ የአእምሮ ሕመም ሊሳበብ የሚችለው ከመቶ 4 ገደማ ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሌላውን ከሚጎዳበት ይልቅ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ምርመራው "እብዱን ከጤነኛው ለመለየት" ነው ብለን ካሰብን ከመነሻው ተሳስተናል። የሚጠብቀው በመጀመሪያ አመልካቹን ራሱን ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ሞክረው የተረፉ ወጣቶች ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከውሳኔው እስከ ሙከራው ያለው ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች እንደነበር ተናገሩ። አምስት ደቂቃ ማለት ጀበና ገና ሳይንተከተክ ነው። በሌላ መንገድ የሞከሩ አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ ጠመንጃ የያዙት ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አይተርፉም። ከተረፉት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም፤ ያቺ ክፉ ሰዓት ታልፋለች ማለት ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ምንሽሩን ሲያወርዱ የወሰዱት ያቺን ሰዓት ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየ አንድ ታሪክ አለ፤ እስራኤል ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ታውቁት ይሆናል። የእስራኤል ጦር ወጣት ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። በጦሩ ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉት አብዛኞቹ በዚያው በተሰጣቸው መሣሪያ እንደሆነ ሲታይ፣ በ2006 ልማዱ ተለወጠ፤ ወታደሩ ለሰንበት ሲወጣ ጠመንጃው ካምፕ እንዲቀር ተደረገ። ከዚያ በኋላ ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ወታደሮች ላይ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እኔን የሚደንቀኝ ዝርዝሩ ነው፤ የቀነሰው በሰንበት ቀናት ነው። በሌሎቹ ቀናት እንደነበረው ነው፤ ከፍ አላለም። ወጣቶቹ ሰንበትን አልፈው "እሁድ ካምፕ ስመለስ" አላሉም። አለፈላቸው።

በዚያችው በእስራኤል ከጥቅምት 7 ቀን 2023ቱ ጥቃትና ከጦርነቱ ወዲህ ለግል ሽጉጥ ፈቃድ ያመለከተው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። አመልካቹ በሐኪም የተፈረመ የጤና መግለጫ ያቀርባል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ፈቃድ ያወጣው የቤተሰብ አባት ሽጉጡን ቤት ሲያስገባ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምርመራውን አላለፈም፤ በጦርነቱ የተሠቃየው የ20 ዓመት ልጁ ፎርም አልሞላም። የአመልካቹ ምርመራ ብቻውን ይህን ቀዳዳ አይደፍነውም። ቁልፍ ይደፍነዋል።

አሁን "በኋላ እመለስበታለሁ" ያልኩትን ላንሣ። ሕጉ "የአእምሮ ሕመም ታክመህ ታውቃለህ? እንግዲያውስ ፈቃድ የለም" ካለ ምን ይሆናል? ሰው መታከም ይተዋል። በብሪታንያ የገበሬዎች ሥጋት ይኸው ነው፤ ሐኪም ጋ ሄጄ "ጨነቀኝ" ብል ጠመንጃዬን ያጣሁ ይሆን? ይህ ሥጋት እኛ ዘንድ ደግሞ እጥፍ ነው። በአዲስ አበባ "አማኑኤል ገባ" ማለት ሕክምና ሄደ ማለት አይደለም፤ ስድብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ያ የአእምሮ ሆስፒታል ስንቱን እንደረዳ እያወቅን ስሙን መቀለጃ አድርገነዋል። ጸበል ሄደ ስንል እናከብረዋለን፤ ሐኪም ቤት ሄደ ስንል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ብልህ እንደሆነ ብናውቅ ምን ነበረበት?

በእኛ አቆጣጠር እጠራዋለሁ ያልኩት ዓመት ይኸው መጣ፤ 2012። በዚያ ዓመት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ክላሽ እንደ በሬ ሀብት የሚቆጠርበት፣ ለጥሎሽም ለክብርም የሚሆንበት ገጠር ደግሞ ሌላ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ከሕዝባችን ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው። ነገ ተነሥተን "እያንዳንዱ አመልካች የአእምሮ ጤና ማስረጃ ያምጣ" ብንል የምናገኘው ምርመራ ሳይሆን ማኅተም ነው ብዬ እፈራለሁ። እኔ ለመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ ስሄድ፣ ፎርሙን የሞላልኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ዓይንህ ያያል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ያያል አልኩ፣ ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ለአእምሮ ምን ሊጠየቅ ነው? "አብደሃል?" "አላበድኩም።" ቀጥል!

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ባለሙያ ባለበት ሀገር የሐኪም መረጃ ይጠየቅ፤ ፈቃድ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ከወጣም በኋላ ይከታተል። ባለሙያ በሌለበት ግን የሚበጀው ሰውየውን የሚያውቁ ሰዎች በጊዜ የሚናገሩበት፣ መሣሪያውም ለጊዜው ተነሥቶ ያለ ውርደት የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ ድሮ ቀረ የሚባል ነገር አይደለም። የአሜሪካዋ ኮኔቲከት በ1999፣ አደጋ ላይ ያለ ሰው መሣሪያ በዳኛ ትእዛዝ ለጊዜው እንዲነሣ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። 762 እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ መሣሪያ በተነሣ በየ10 እስከ 20 ጊዜው የአንድ ሰው ሕይወት ራስን ከማጥፋት እንደተረፈ ገምተዋል። ኮኔቲከት በሕግ ያደረገችውን ነው የእኛ ሽማግሌ በጋቢ ያደረጉት።

እንግዲህ አድማጮች፣ ቤታችሁ ወይም ዘመዳችሁ ቤት መሣሪያ ካለ፣ እንዲህ ያለውን ሰው እዩ። እንቅልፍ ያጣ፣ መጠጥ ያበዛ፣ ከሰው የራቀ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው መስጠት የጀመረ፣ "በቃኝ"፣ "ሸክም ሆንኩባችሁ" የሚል። ቀርባችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ "ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?" በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ነው የሚተነፍሱት። ሕክምናውም ጸሎቱም ምክሩም ይቀጥላል፤ ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ከቤት ይውጣ። ሕጉ ለዘመድ መስጠትን የሚከለክልበት ሀገር ካላችሁ ፖሊስ ጠይቁ፤ ማውጣት ካልተቻለ ጥይቱና ጠመንጃው ለየብቻ ይቆለፉ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ይግባ።

አሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት 988፣ ብሪታንያ ያላችሁ 116 123፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 ደውሉ። ኢትዮጵያ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ ብቻውንም አትላኩት፣ አብራችሁት ሂዱ።

ይህን እየሰማችሁ አንድ ሰው በሐሳባችሁ ከመጣ ዝግጅቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ነገ ጠዋትም አይሁን። ዛሬ ማታ ቤቱ ጎራ በሉና ያንን ጠመንጃ "ይሄ እኔ ጋ ይደር" በሉት። ደኅና እደሩ።